ከገዳሙ የኋሊት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ይድረስ ለጋሼ፤ ለባሌ ታላቅ ወንድም፣ ለጋራዡ ጌታ፦

ከርመህ እንዴት ነህ? እትዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ጆሮህን አልጠይቅህም፤ መዶሻና የሞተር ጩኸት ከወሰደው ስንት ዘመኑ። ሰው ሁሉ በስልክ ሐሜቱን ሲያወርድ እኔ ብቻ ዋርሳዬ ስልክ አይሰማም ብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እቀመጣለሁ። ደግነቱ የረጅም መንገድ ሾፌሮች አሁንም ያከብሩናል፤ ይህችን የሚያደርስልህ ያ ጥርሱን የማይከድነው ባለአውቶቡስ ነው። ሻይ ስጠው እንጂ ወሬ አትስጠው፤ ሳይመሽ መናኸሪያው ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ጥያቄህ ልግባ። ሚኒባሱ ደህና ነው። ወንድምህ ካረፈ ወዲህ ከበር አልተነሳም፤ ቢሆንም በየእሑዱ ሞተሩን አስነሳዋለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ፣ ወንበሮቹን አራግፋለሁ። ይዞት የሚመጣው ሾፌር ማነው ላልከው ደግሞ፣ እኔ ነኝ።

ቁጭ በል ጋሼ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆየሁ። ላንተ ያልነገርኩህ ስለማውቅህ ነው። ስትሰማ መጀመሪያ ትስቃለህ፣ ቀጥሎ ትቆጣለህ፣ ከዚያ እትዬን ጠርተህ ‘ይቺን ሴት ምከሪያት’ ትላታለህ። እሷን ተዋት፤ እሷ ታውቃለች።

አሁን ሆዴ ውስጥ ያለውን ልንገርህ። መኪናውን ለዳቦ ጋጋሪው ለመሸጥ እንደተስማማህልኝ ሰምቻለሁ። ለእኔ አስበህ ነው፤ አልተቀየምኩም። ግን መሸጡን አልፈልግም። ወንድምህ ሲነዳ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰው ሳሳፍርና ሳወርድ የኖርኩበትን መስመር ራሴ ልነዳው እፈልጋለሁ። ተሳፋሪው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ‘ረዳቷ፣ መቼ ነው የምትመለሱት?’ ይለኛል። ሊብሬው ላይ ስምህ ከስሙ ጎን ስላለ ያለ አንተ እሺታ ጎማ አይዞርም። ስለዚህ ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ። ፊትህ አቆመዋለሁ፤ ያን ጊዜ አይተህ ፍረድ።

ብቻዬን አይደለሁም። ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ አብራኝ ትመጣለች። መንዳት አታውቅም፤ መጮህ ግን ታውቃለች።

አክባሪህ፣
የወንድምህ ሚስት


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ለረዳቷ፦

ሰላምታሽ ደርሶኛል። የእትዬሽ ጉልበት ደህና ነው፤ ምላሷ ከጉልበቷም ይበልጥ ደህና ነው። ከእኔ ጋር አንድ ትራስ ላይ እየተኛች ይህን ሁሉ ጊዜ ምስጢር ስትደብቀኝ እንደኖረች ካንቺ ደብዳቤ ገና አወቅሁ።

አልሳቅሁም። እሺ፣ ትንሽ ሳቅሁ። ከዚያ ተቆጣሁ። ከዚያ እትዬሽን ጠራኋት። ሁሉንም ቀድመሽ መጻፍሽ የበለጠ አናደደኝ።

ስሚኝ እህቴ። መንጃ ፈቃድ ወረቀት ነው። እኔ ጋራዥ ተጨማድደው የሚገቡት መኪናዎች ባለቤቶች ሁሉ መንጃ ፈቃድ አላቸው። ወንድሜን ቀብሬያለሁ፤ አንቺን ከገደል ለቅሜ ልቀብር አቅም የለኝም።

ይሁን። እዚህ ድረስ ያለው መንገድ የተደላደለ አስፋልት ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ነይ። ግን ቃል እንግባ። ሚኒባሱን ያለ አንዲት ጭረት እዚህ ካቆምሽው ስለ መስመሩ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። አንዲት ጭረት ካየሁበት ግን ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ። ዳቦ ጋጋሪው ቅዳሜ ይመጣል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኔ ጭረት በጨለማም አገኛለሁ።

ታላቅ ወንድምሽ

(ከሥሩ፣ በሌላ ብዕር)

እኔ ነኝ፣ እትዬ። እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ነው የምጽፈው። ቀስ ብለሽ ንጂ፤ ተረከዝ ያለው ጫማ እንዳታደርጊ። ደብዳቤሽን ለሠራተኞቹ ሁሉ አነበበላቸው። እየተቆጣ ነው ያነበበው፤ ‘የወንድሜ ሚስት’ ሲል ግን ደረቱን ነፍቶ ነበር።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

ለጋሼ፦

ሚኒባሱ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ። ፀጉር ሠሪዋም ደህና ናት፤ ድምጿ ብቻ ጠፍቷል።

አሁን ይቅርታህን ልለምን። ትናንት ራት አቅርባችሁ ስትጠብቁን እንደቆያችሁ አውቃለሁ። የምጽፍልህ ከገዳም ነው። እንዴት እንደደረስን በሌላ ቀን እነግርሃለሁ፤ ለጊዜው ‘መንገዱ ወሰዳቸው’ ብለህ ያዝልኝ።

ከአስፋልቱ ቀና ሲሉ ዓለቱ ወገብ ላይ እንደ ንብ ቀፎ ተለጥፋ የምትታየው ጥንታዊት ገዳም ናት። ስንት ዘመን ከሩቅ ተሳልሜ አልፌያታለሁ። ወንድምህ ‘አንድ ቀን እንወጣለን’ ይለኝ ነበር፤ ሥራ አልለቅ ብሎን ቀረ። በሯ ዝቅ ያለ ነው፤ ንጉሥም ቢሆን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው አሉኝ። ውስጧን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተሣሉ ቅዱሳን ሞልተውታል። ሰው እየዳሰሰ፣ እየሳመ፣ እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ልብሳቸው ደብዝዟል፤ ከዚያ በላይ ፊታቸው ትናንት የተሣለ ይመስላል። እኔ ጎንበስ ብዬ ስሳለም ፀጉር ሠሪዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆየችና በሌለ ድምጿ ‘የዚህኛው ጢም ግን እንዴት አድርገው ነው የከረከሙት’ አለችኝ። ቆንጥጬ አወጣኋት።

ችግሩ መውረዱ ነው። መንገዱ አንድ መኪና ብቻ የሚይዝ ጠመዝማዛ ነው፤ የወጣ ሁሉ የሚዞረው ላይ ባለው ግቢ ነው። ሰሞኑን በጣለው ዝናብ የግቢው የድጋፍ ግንብ ተንዶ ድንጋዩ መዞሪያውን ሞልቶታል። ይህን የሰማሁት ከደረስኩ በኋላ ነው። ቀድሞኝ የመጣ የኪራይ አውቶቡስ ቆሞ ነበር፤ ከኋላው ቆምኩ። ፊት ለፊት ድንጋይ፣ ጎን ገደል።

አውቶቡሱ የሙሽራ ነው። እሑድ ልትዳር፣ ከአክስቶቿ ጋር ተሳልማ ልትመለስ መጥታ ነው የተያዘችው። ሾፌራቸው ‘ይህን ቁልቁለት የኋሊት አልወርድም፤ ድንጋዩ እስኪነሳ እዚሁ ነኝ’ ብሎ ፍራሽ ለምኖ ተጋድሟል። ድንጋይ የሚያነሳው ማሽን በሚመጣው ሳምንት ይመጣል ይላሉ፤ ‘የሚመጣው ሳምንት’ን ደግሞ ታውቀዋለህ። ስልክ አይሠራም። መንገዱ ለአክስቶቹ እግር ሩቅ ነው፤ ያለቅሳሉ፣ ሙሽራዋ ታባብላቸዋለች።

እመምኔቷ ግን ደስ የሚሉ እናት ናቸው። ‘ልጄ፣ ይህ ገዳም በጠላት ተከቧል፣ በእሳት ተቃጥሏል፤ በአክስት ግን ተከቦ አያውቅም’ አሉኝ። ‘ሾፌርሽስ የት አለ?’ ሲሉኝ ‘እኔ ነኝ’ አልኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ‘እንግዲያው ራትሽን በደንብ ብዪ’ አሉኝ።

ዳቦ ጋጋሪው ነገ እንደሚመጣ አልረሳሁም። ምን እንደምትለው ግን እኔ አላውቅልህም። ይህን የሚያመጣልህ ወደ ገበያ የሚወርደው የገዳሙ አትክልተኛ ነው።

ያሳፈረችህ፣
የወንድምህ ሚስት


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ለረዳቷ፦

አትክልተኛው ገና ወንበር ሳይዝ ነው የምጽፈው፤ መልሱን ይዞ ይመለሳል።

መሪውን እንዳትነኪ። ሞተሩንም እንዳታስነሺ። ቁልፉን ለእመምኔቷ ስጫቸው፤ እሳቸው ይያዙት። ነገ በጠዋት ፒካፑንና ገመዱን ይዤ እመጣለሁ። እኔ መኪና የኋሊት መንዳት የጀመርኩት አንቺ ዳዴ ሳትዪ ነው፤ ሁላችሁንም ተራ በተራ አወርዳችኋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ ዕረፍት የነሳኝ እሱ ነው። ወደዚያ ገዳም የሚወስድ መገንጠያ ያለው ማደያው ጋ ብቻ ነው። እዚያ እንዴት ተሳሳትሽ? ያንን መንገድ ከወንድሜ ጋር ስትመላለሺበት የኖርሽ ሴት ነሽ። እንቅልፍ የወሰደው ሰው እንኳ እዚያ ጋ አይሳሳትም። መገንጠያ ለማታውቅ ሾፌር መስመር የሚሰጥ ሰው ምን ይባላል?

ዳቦ ጋጋሪው መጥቶ ነበር። በሳምንቱ አጋማሽ ተመለስ ብዬዋለሁ። ከዚያ አያልፍም።

ታላቅ ወንድምሽ

(ከሥሩ፣ በሌላ ብዕር)

የተቆጣ እንዳይመስልሽ፤ ፈርቶ ነው። ያንን ገመድ ይፈታዋል፣ ይጠቀልለዋል፣ እንደገና ይፈታዋል። ዳቦ ጋጋሪውን አልወደድኩትም። ወንበሬን ጠርጎ ነው የተቀመጠው።


እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ለጋሼ፦

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ‘መሪውን እንዳትነኪ’ የሚለውን ያነበብኩት ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ አትክልተኛው ሲወጣ እኔ ወርጄ ጨርሼ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።

የምጽፍልህ ከሠርግ ቤት ነው። ጓዳ ውስጥ፣ የሰሃን ክምር አጠገብ። ከውጭ ሙዚቃው ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። ትናንት ስልኬ ባትሪ ስለጨረሰ ለእትዬ የደወልኩት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ‘ገና በጎህ ገመዱን ጭኖ ሄዷል’ አለችኝ። ስልክህን ደጋግሜ ደወልኩ፤ ደጋግሞ ጠርቶ ዝም አለ። የት እንዳለህ አላውቅም፤ ስትመለስ ታነበዋለህ ብዬ ወደ ጋራዡ እልከዋለሁ።

የመገንጠያውን ነገር ጠይቀኸኛል። አልዋሽህም። ጋሼ፣ ያንን መንገድ አብጠርጥሬ ነው የማውቀው፤ የማውቀው ግን በኋላው በኩል ነው። ረዳት በሩ ላይ ቆሞ የሚያየው ተሳፋሪውን ነው፤ ፊቱ ወደ ኋላ መስታወት፣ ጀርባው ወደ ሾፌሩ። እኔ መንገድ ሲመጣ አይቼ አላውቅም፤ ሲሄድ ነው የማየው። ማደያው ሁለቱ መንገዶች መሃል አይደል ያለው? ወደ እናንተ ስንመጣ ሁልጊዜ በቀኜ ነበር የሚያልፈው። ሐሙስ ዕለትም በቀኜ አደረግሁትና ልቤን ሞልቼ ነዳሁ። ለካ ፊቴን ሳዞር ቀኜም አብሮኝ ዞሯል። የነቃሁት ሽቅቡ ሲጀምር ነው፤ እዚያ ደግሞ መዞሪያ የለም።

ሳቅ። ፀጉር ሠሪዋ እስካሁን ትስቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሽራዋን የጉድጓዱ ውኃ ዳር አስቀምጣ ፀጉሯን እያጠበችላት ነበር። ‘ሠርግ ቢቀር እንኳ ፀጉር አይቀርም’ ትላታለች። አክስቶቹ ይህን ሲሰሙ ለቅሶውን አዲስ ጀመሩት። እኔ መስማት አቃተኝና ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ዝም ብዬ ፊቴን ወደ ኋላ መስታወት አዞርኩ። ምን ልበልህ፤ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ፊት ለፊት ሳየው እንግዳ የሆነብኝ መንገድ በዚያ መስታወት የድሮው መንገድ ሆኖ ቁጭ አለ። ወንድምህ የኋሊት ሲነዳ ‘ና፣ ና፣ ቀኝ ስበር፣ በቃ’ እያልኩ የመራሁት እኔ አልነበርኩ? ወረድኩና እመምኔቷን ‘እሞክራለሁ’ አልኳቸው። እሳቸው አልከለከሉኝም፣ አላበረታቱኝም። ‘መጀመሪያ በእግርሽ ሄደሽ እዪው’ ብቻ አሉኝ። አየሁት።

ስለ ቁልቁለቱ ብዙ አልጽፍም፤ እትዬ ደብዳቤ ታነባለች። ይህን ያህል ልበልህ። በክፉ ክፉው መታጠፊያ ያወረድኩት ባዶ መኪና ነው፤ ሙሽራዋና አክስቶቿ ያንን በእግራቸው ወርደው ታች ጠበቁኝ። ፀጉር ሠሪዋ ድምፅ ስለሌላት ፈንጠር ብላ ከኋላዬ እየሄደች በነጭ ፎጣ ትጠራኝ ነበር። የአውቶቡሱ ሾፌር ‘እብድ ናት’ ሲል ሰምቼዋለሁ። እማሆዮቹ ከበሩ ወጥተው እስክንሰወር አዩን። ግርጌው ስንደርስ አክስቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ከላይ ደወሉ መለሰላቸው። ጋሼ፣ ደወል የተደወለልኝ ሰው ነኝ።

ሙሽራዋን እናቷ ደጅ አደረስኳት። እናቷ ልጇን አቅፋ ስትጨርስ መሪውን አቀፈችው።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ዓለቱ የግራ ጎኑን ልሶታል። ከሾፌሩ በር እስከ ኋላ መብራቱ የሚደርስ ጭረት አለበት። በጨለማም ታገኘዋለህ። ቃል ቃል ነው፤ አልከራከርም። አውቶቡሳቸው እዚያው ገዳሙ ስለቀረ ሠርገኞቹን እስከ ማክሰኞ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ረቡዕ ጋራዥህ መጥቼ ቁልፉን አስረክብሃለሁ። ዳቦ ጋጋሪውም ይምጣ። አላለቅስም። ያቺን ቁልቁለት ወርጃታለሁ፤ እሷን ማንም አይሸጥብኝም።

አክባሪህ፣
የወንድምህ ሚስት


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ለእህቴ፦

ሰላም ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ ከገዳም ነው።

እሑድ ፒካፑን ከአውቶቡሱ ኋላ ሳቆም እመምኔቷ በር ላይ ነበሩ። ‘ማንን ፈልገህ ነው?’ አሉኝ። ‘የወንድሜን ሚስት ላወርድ ነው’ አልኩ። ‘እሷማ ትናንት ወረደች።’ ‘በምን?’ ‘በመኪናዋ።’ ‘ማን ነዳላት?’ ስላቸው ጆሮዬ ብቻ ሳይሆን አእምሮዬም የተጎዳ መስሏቸው ጮክ ብለው ደገሙልኝ።

መቼስ ሰው ከሌለ ልመለስ ብዬ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። አንደኛውን መታጠፊያ አለፍኩት። ሁለተኛውን አየሁት። ከዚያ ፒካፑን ወደ ላይ መለስኩት። ምክንያቱን አትጠይቂኝ፤ እመምኔቷም አልጠየቁኝም። ‘ራት አለ’ ብቻ አሉኝ።

ትናንት መንገዱን በእግሬ ወርጄ አየሁት። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የሚኒባሱ ሰማያዊ ቀለም ዓለቱ ላይ ተቀብቷል። እዚያው ቁጭ ብዬ በስንዝር ለካሁት። በግራ ድንጋዩን ባትነኪው ኖሮ በቀኝ ጎማሽ አየር ላይ ነበር። አውቀሽ ነው የተጠጋሽው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ጭረት ሳጠፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ጭረት ግን ቀለም የሚያስነካው ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል።

ወንድሜ ‘ያለ እሷ የኋሊት አልሄድም’ ይለኝ ነበር። ስንፍናው ነው እል ነበር።

ሚኒባሱ አይሸጥም። የምፈርመው ካለ አምጪና እፈርማለሁ። መስመሩ ያንቺ ነው።

አሁን እንደ ታላቅ ወንድም ሳይሆን እንደ ተሳፋሪ ልለምንሽ። ማሽኑ አልመጣም። የአውቶቡሱ ሾፌር መንገዱን የዘጋሁበት እኔ ስለሆንኩ በክፉ ዓይን ያየኝ ነበር፤ በኋላ አዘነልኝና ፍራሹን አካፈለኝ። ሌሊት ያንኮራፋል ይላሉ፤ እኔ እንኳ አልሰማሁም። እማሆዮቹ ድንጋይ እያሸከሙን ነው። እመምኔቷ ከፊታችን እየተሸከሙ ስለሆነ እምቢ ማለት አልተቻለም። ነይና አውርጂን።

ታላቅ ወንድምሽ

ይህን ለእትዬሽ እንዳታነቢላት።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ለጋሼ፦

ቁልፉን ላስረክብ ጋራዥህ መጥቼ አጣሁህ። ወንበርህ ላይ እትዬ ተቀምጣ ሠራተኞቹን ታዛለች፤ የተጎዳ ሥራ አላየሁም። ደብዳቤህን አትክልተኛው እዚሁ ሰጠኝ። እኔ አላነበብኩላትም፤ ከእጄ ነጥቃ ራሷ አነበበችው። ‘ሁለተኛውን አየሁት’ የሚለው ላይ ስትደርስ መነጽሯን አውልቃ ሳቀች። ‘መስመሩ ያንቺ ነው’ የሚለው ላይ መነጽሯን መልሳ ሳታጠልቅ አለቀሰች።

ዳቦ ጋጋሪውም መጣ። ‘አይሸጥም’ አለችው። ‘ባለቤቱ የታሉ?’ ሲላት በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመችው። ሰውዬው ሚኒባሱን ዞር ዞር ብሎ አየና ‘ለነገሩ ጭረት አለበት’ አለኝ። ‘አለበት’ አልኩት። ጋሼ፣ እንደዚያች ቃል ጣፍጣኝ የወጣች ቃል የለችም።

እሱ ከሄደ በኋላ ሾፌሩ ወንበር ላይ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሞተሩን አላስነሳሁም። ወደ ፊት አየሁ። ካንተ ጋራዥ በር ፊት ለፊት ያን የሚያህል ዛፍ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ነገ ረፋድ ላይ እመጣለሁ። ሚኒባሱን ታች አቁሜ በእግሬ እወጣለሁ። ፒካፕህን እኔ አወርደዋለሁ፤ አንተ ከጎኔ ትቀመጣለህ፤ አስተያየት አትሰጥም። አውቶቡሱን ግን መንጃ ፈቃዴ አይፈቅድልኝም፤ ሾፌሩ ራሱ ይነዳዋል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እጠራዋለሁ። ስጠራው ይምጣ፣ በቃ ስለው ይቁም፤ ከዚህ ሌላ የምፈልግበት የለም። ፀጉር ሠሪዋም አብራኝ አለች። ድምጿ ተመልሷል፤ ላንተም ጆሮ የሚበቃ ነው። እስከዚያ ድንጋዩን ተሸከም፤ ለወገብህ ጥሩ ነው ብላለች እትዬ።

ዛሬውኑ ነይ እንደምትል አውቃለሁ። ዛሬ አልችልም። ወደ ጋራዥህ ስመጣ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ የድሮ ደንበኞቻችን ሚኒባሱን ለይተው እጃቸውን አነሱ። ቁልፉን ላስረክብ ነው የመጣሁት ብላቸው ማን ሰምቶኝ፤ ገብተው ሞሉት። መንገዳቸው ወደ እኛው ከተማ ነው፤ አድርሻቸው ነገ በጠዋት እነሳለሁ። እስካሁን በትዕግሥት ጠበቁኝ። አሁን ግን አንዱ እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ክላክሱን መጫን ጀምሯል፤ ‘ሾፌሯ የት ገባች’ ይላሉ። ልሂድላቸው።